ዘጠኝ ፌርማታ

ካርታውን ዘረጋው በእራቱ ገበታ፤
አንዱን ጥግ በጨው ዕቃ፣ አንዱን በሎሚ ገታ።
እርሳሱን ጆሮው ላይ፣ መነጽሩን ግንባሩ፤
ኤጂዲዮ ሊያቅድ ነው፤ ጸጥ ይበል መንደሩ!

ሠላሳ አንድ ዓመት በጄኖቫ ዳገት
አውቶቡስ የነዳ፣
ከደቂቃ ጋራ ሲሟገት የኖረ የሰዓት ባለዕዳ፣
ጡረታ ወጣና ገና በሳምንቱ
ለሽርሽራችንም ሠራ የጊዜ ሠሌዳ።

«ሁለት ሰዓት ከአሥር ከቤት እንነሳ፤
አራት ሰዓት ከሩብ ክሬሞና እንድረስ፤
ግንቡን በሃያ ደቂቃ፣ ማኪያቶን በአምስት እንጨርስ፤
ስድስት ተኩል ማንቱዋ፤ ሰባት ከሩብ ምሳ...»

ሽንኩርቴን ተውኩና
እጄን በሽርጤ ላይ ጠረግሁት በዝግታ።
«ስማኝማ» አልኩት፣ «ግንቡ እኮ አይሮጥም፤
ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ የቆየን፣ ዛሬ ጥሎን አይሄድም።
ቫዮሊን ጠራቢው በሩን ከፍቶ እንደሁ
እንጨቱን ሲልገው ቆሜ አየዋለሁ፤
ለምን ብለህ አትጠይቅ፤
የማርና የለውዙን ደረቅ ጣፋጭ ገዝቼ
በጉንጬ ወትፌ ከተማ እዞራለሁ።

ማንቱዋ ላይ ደግሞ፣
ያቺ ሐይቅ ዳር ያለች፣ ቶርቴሊ የምትሠራው፣
በዱባ ሞልታ፣ በቅቤ አጥባ የምታወጣው፣
ሰባት ከሩብ ብለህ እሷን አታጣድፋት፤
ሊጥ ሲዳመጥ ሰዓት አያይም፤ ተዋት።
ሲርበን እንቀመጥ፣ ስንጠግብ እንነሳ፤
ይኸው ነው ሠሌዳ፣ ይኸው ነው ምሳ!

ፌራራን በብስክሌት፣ በቅጥሩ ላይ ዞረን፣
አንተ ትወድቃለህ፣ እኔ እስቃለሁ፤
ኮማክዮ ስንደርስ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ያን እባብ መሳይ ዓሣ፣ ከከሰል የወጣ፣
ዓይንህ እያየኝ እበላዋለሁ።
ራቬና ሄጄ፣ በባለቀለም ጠጠር
ጣሪያ ላይ ሰማይ የሠሩበት ቤት
በጀርባዬ ተኝቼ፣ ዘበኛው ቢቆጣም፣
ኮከቡን አንድ ባንድ እስክቆጥር ልቆይበት።
የቀሩት አራቱ ስም የላቸውም ገና፤
መንገዱ ያወጣል፣ እሱ ያውቃልና።»

«አራት ደግሞ ሌላ? ዘጠኝ ፌርማታ?»
«ዘጠኝ ፌርማታ።
ረሳሃት እንዴ ያቺን የኅዳር ማታ?
ዝናብ ሲያወርደው፣
የወረቀት ከረጢት እጄ ላይ ሲቀደድ፣
ሮጥኩ፤ እጄን አነሳሁ፤ በስምህ ተጣራሁ፤
አንተም በመስታወት አየኸኝ፤ ዓይንህን አይቻለሁ።
አለፍከኝ!
የገዛሁት ሰርዲን አስፋልቱ ላይ ዋኘ፤
ማታ ቀሚሴን እየጨመቅህ፣
‹ሁለት ደቂቃ ዘግይቼ ነበር› አልከኝ።
የገዛ ሚስትህን፣ ኤጂዲዮ!

አልተቀየምኩህም። ግማሹን ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ፤
ቀሪውን ግማሽ ግን ከነወለዱ፣
በዘጠኝ ፌርማታ እቀበላለሁ።»

ዝም አለ። መሳቢያ ከፈተ።
ላጲስ ፈልጎ አጣ፤ የልጃችንን የድሮ ሳጥን በረበረ፤
ደንደን ያለች፣ ጥግዋን ጥርስ የበላት አንዲት ቁራጭ አገኘ።
ሁለት ከአሥር ጠፋ።
አራት ከሩብ ጠፋ።
ስድስት ተኩል ሲደርስ እጁ ትንሽ ዘገየ፤
(ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ነው)
ጠፋ እሱም።
የላጲሱን ብናኝ ጎንበስ ብሎ እፍ አለ፤
ከፖ ወንዝ ተሻግሮ፣ ካድሪያቲክ ዳርቻ፣
ከዳቦው ፍርፋሪ ሄዶ ተቀላቀለ።

ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ቆይቶ ቆይቶ፣
«ድመቷን ለዴሶሊና እንስጣት» አለኝ፤
«አበባውንም እሷው ታጠጣልናለች።»
«እሺ» አልኩት።
«ጎማዋ ደህና ናት፤ ዘይቷም ተቀይሯል፤
ነገ ማለዳ ግን ጋራዥ ብወስዳት... ፍሬኗን ባሳየው?»
«አሳየው እንጂ» አልኩት፣
«ለመቆም አይደል ወይ የምንሄደው?»